የሠርካዲስ ዳሊያ

ልጄ ሠርካዲስ ሰንጋ ተራ ባለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ዳሊያ ተክላ ነበር። ቁመቱ እሷን የሚያክል አበባ ነው፤ ነፋስ እንዳይሰብረው ጨርቅ ቀድዳ ከእንጨት ጋር ታስረው ነበር። በበጋ ሲደርቅ ልጥለው ስነሳ «ተዪው እማዬ! ሥሩ እኮ አልሞተም፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳል» ትለኝ ነበር።

ዘንድሮም ክረምት ሲገባ ዳሊያው ተመለሰ። እሷን ግን ጥር ላይ ቀብሬያታለሁ፤ ብርድ አትችልም ብዬ ባለ አረንጓዴ ጥለቱን ነጠላዬን ከመግነዟ ላይ ደርቤላት።

ውሃውን አጠጣዋለሁ፤ ለማሰር ግን እጄ እምቢ አለኝ። ከፈለገ ይሰበር፣ ምን አገባኝ!

ዛሬ ጠዋት ብነሳ ታስሮ ቆሟል። ጎረቤቴን ሰሚራን በሯ ላይ አገኘኋትና «አበባውን ስላሰርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

«እኔ? እትዬ ጠጅቱ፣ እኔ በምን ገብቼ? ቁልፉ እርስዎ ጋ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

ወደ በረንዳው ተመልሼ ማሰሪያውን በእጄ ያዝኩት። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥለት አለው። አፈሩ ገና አልረገፈለትም።