ቢላ ያልነካቸው እናቶች

አብርሆት ያለ ቢላ እንደምትወልድ የተወሰነው ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። የወሰኑት የፓስተሩ ባለቤት ወይዘሮ አበባ ናቸው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው የቤተክርስቲያኗ አዳራሽ እጃቸውን ሆዷ ላይ ጭነው፣ "ቢላ አይነካትም!" አሉ። ሴቶቹ በሙሉ "አሜን!" አሉ። በዚያች ቤተክርስቲያን ቢላ የነካት እናት የለችም። ይህ በየጊዜው በማይክ የሚነገር ነው።

ሐኪሟ ግን ጸሎቱ ላይ አልነበረችም። ምጡ ሲጓተት ውሎ የሕፃኗ የልብ ምት ሲወርድ፣ "አሁኑኑ ኦፕራሲዮን" አለች።

አብርሆት ከወገቧ በታች ደነዘዘች። ፊቷ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ተዘረጋ። ሕመም አልነበረም። ሆዷ ውስጥ ግን አንድ ሰው ሻንጣ ከፍቶ ዕቃ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ጥርሷ ተንቀጫቀጨ። ባሏ ሶፎንያስ የወረቀት ቆብ አጥልቆ ግንባሯን ይዞላታል። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች፤ እነሱም አለቀሱ።

ወደ ክፍሏ እንደተመለሰች ወይዘሮ አበባ ኮል አደረጉ።

"ተገላገለች?"

"ተገላገለች እትዬ! ሴት ልጅ!" አለ ሶፎንያስ።

"በምጥ?"

ሶፎንያስ ሚስቱን አየ። "አዎ... በምጥ።"

ምጥማ ነበረ። የዋሸው ግማሹን ብቻ ነው። ወዲያው የቤተክርስቲያኗ ዋትሳፕ ግሩፕ በእልልታ ተሞላ።

"ለምን ዋሸህ?" አለችው አብርሆት።

"ፈራኋቸው።"

እሷም ትፈራቸው ስለነበር ነገሩ በዚሁ ጸና።

ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ደጋግማ ነግራታለች። ከሕፃኗ የከበደ ነገር አታንሺ። ደረጃ አታብዢ። ስትነሺ በጎንሽ ዞረሽ፣ በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ። ቁስሉ ከቀላ ወይም እርጥበት ካየሽ፣ ትኩሳትም ከተሰማሽ፣ ቶሎ ነይ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት የተሰጠ መሆኑ ነው፤ አስፐን ሂል ሰፈር ያለው አፓርታማዋ ስትገባ አብርሆት በምጥ የወለደች ነበረች።

ሴቶቹ ገንፎ ይዘው መጡ። አብርሆት ለእያንዳንዷ ብድግ እያለች ሳመች። በተነሳች ቁጥር ሆዷ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ የሚቀር ይመስላታል። "ምጥ እንዲህ ነው፤ በማግስቱ ምንም እንዳልነበረ ያደርጋል!" አለች አንዷ ዘማሪት። ሌሎቹ ሳቁ። አብርሆትም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ወይዘሮ አበባ አልሳቁም። የሚያዩት የአብርሆትን እጅ ነበር። እጇ ሆዷ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አበባ ብቻቸውን መመላለስ ጀመሩ። ሳይደውሉ ይመጣሉ። መታጠቢያ ቤት ገብተው ይቆያሉ፤ የመድኃኒት ሳጥኑ ሲከፈት ይሰማል። አንድ ቀን ሶፎንያስ ባለበት፣ የሆስፒታሏ ነርስ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የጠየቀቻትን፣ "ነፋስ ወጣልሽ?" ብለው ጠየቋት። ሶፎንያስ ወደ ኩሽና ሸሸ። ሌሎች ሴቶች መጥተው ጨዋታው ሲደምቅ ደግሞ "በቃ፣ ደክሟታል፤ ተነሱ" ብለው ያስወጧቸዋል። ራሳቸው ግን አይወጡም።

"ነቅተውብኛል" አለች አብርሆት ለባሏ። "ማስረጃ እየፈለጉ ነው።"

"እሑድ ቢላ እንዳልነካሽ ምስክርነት ትሰጫለሽ ብለዋል እኮ።"

"ለዚያ ነዋ! በጉባኤ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው።"

ስለዚህ ጥርጣሬያቸውን በአንድ ጊዜ ልትቀብር ቆረጠች። ሕፃኗን ሐኪም ጋ አድርሰው ሲመለሱ ወይዘሮ አበባ የአፓርታማው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሶፎንያስ መኪናውን ሲያቆም፣ ሕፃኗን በመኪና መቀመጫዋ እንዳለች አንጠልጥላ ደረጃውን ወጣች። እየሳቀች ነው የወጣችው።

"አስቀምጪው!" አሉ ወይዘሮ አበባ።

"ምን አለው እትዬ? በምጥ ነው እኮ የወለድኩት!"

እንደዚያ ባለች በማግስቱ የቁስሉ ጫፍ ረጠበ። አብርሆት ፎጣ ደረበችበት። ሲመሽ አተኮሳት። ሶፎንያስ ሆስፒታል እንሂድ ሲላት፣ "እሑድ ይለፍ" አለችው። ሞት ራሱ ከምስክርነቱ በኋላ ቢመጣ ትመርጥ ነበር።

ቅዳሜ ወይዘሮ አበባ መጡ። ግንባሯን ዳሰሱና ጥርሳቸውን ነከሱ።

"ልብስሽን ልበሺ።"

"ወዴት ነው?"

"ልበሺ ብያለሁ። ሶፎንያስ፣ አንተ ልጅቷን ይዘህ ጠብቅ።"

መኪናው በቤተክርስቲያኗ በኩል ሲያልፍ የሴቶች ኅብረት ለእሑዱ መዝሙር እየተለማመደ ነበር። አብርሆት ወደዚያ የሚታጠፉ መሰላት። ወይዘሮ አበባ ግን አልታጠፉም። ሲልቨር ስፕሪንግን ለቀው ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ገቡ። ሆስፒታል አለፉ፤ ሌላም አለፉ። የወንዙን ድልድይ ተሻግረው ጎረቤት ግዛት ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሲያቀኑ አብርሆት መታገስ አቃታት።

"እትዬ አበባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።"

"ለእኔ አትንገሪኝ። ለሐኪሙ ትነግሪያለሽ።"

ይሄው ነው፣ አለች አብርሆት በልቧ። ሐኪም ቀሚሷን ይገልጣል፣ ወይዘሮ አበባ በዓይናቸው ያያሉ፣ ነገ በማይክ ይነገራል። እንባዋ ወረደ። ወይዘሮ አበባ መሐረብ አቀበሏት፤ ፍጥነት ጨመሩ።

ክሊኒኩ ትንሽ ነበር። ወይዘሮ አበባ በፊት ለፊቱ አልገቡም። ክንዷን ደግፈው በጎን በኩል ወሰዷትና በሩን አንኳኩ። ሐበሻ ነርስ ከፈተች። መጀመሪያ አብርሆትን፣ ከዚያ ወይዘሮ አበባን አየችና ፊቷ በፈገግታ በራ።

"ውይ እትዬ አበባ! ዛሬም ሌላ አመጡ? የእነዚያ የዘማሪዎቹስ ስፌት ደረቀላቸው?"