ታብሌቱ ስታክ ሲያደርግ

የአስተማሪዋ ታብሌት ስታክ ሲያደርግ፣ ከሱ ጋር የተያያዙት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ታብሌቶችም አብረው ቀጥ አሉ። ክፍሉ በሙሉ «ቲቸር፣ ቲቸር» እያለ ተነሳ። ዳይሬክተሩ ደግሞ በኮሪደሩ እየመጡ ነበር። ዛሬም ሲንጫጩ ካገኟቸው ታብሌቶቹን ሰብስበው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደሚቆልፉባቸው ጠዋት ነግረዋታል።

«ቁጭ በሉ» አለች፣ እንዲነሳላት የታብሌቷን ማብሪያ በአውራ ጣቷ ጥብቅ አድርጋ ይዛ። ማንም አልሰማትም። ከልጆቹ አንዱ፣ ቂርቆስ፣ ኮዳውን ከፍቶ መጣ።

«ትንሽ ጠብ ላርግበት?»

«ታብሌት ውሃ አይነካውም።»

«ውሃ አይደለም እኮ ቲቸር፣ ጠበል ነው።»

ኮዳውን ቀማችው። ከፊት ወንበር ቤቴል «እኛ ቤት ቲቪ ሲበላሽ እንዲህ ነው» አለችና እጇን ታብሌቷ ላይ ጭና ዓይኗን ጨፈነች። አጠገቧ ያለችውም ጫነች። ቂርቆስ አማተበና ጫነ። ከዛ ሁሉም። ከገርጂ አስፋልት «መገናኛ፣ መገናኛ» የሚለው የታክሲ ረዳት እስኪሰማ ድረስ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ዳይሬክተሩ በሩን ከፍተው ይሄን አዩና ባሉበት ቆሙ። አስተማሪዋ ጣቷን ከማብሪያው ሳታነሳ በዓይኗ ለመነቻቸው። ታብሌቱ ቦግ ብሎ በራ።

«አሜን» አለ ክፍሉ።

«አሜን» አሉ ዳይሬክተሩም። የደነገጡት ካሉት በኋላ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታብሌቶቹ ይቆዩ» አሉ። ከዛ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ስሚ እስቲ፣ ይሄ ነገር አምስተኛ ክፍልም ይሠራል?» አሏት።