ትርፍ ጨርቅ የሌለው ቁጥር

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ያነሳና ተንታኟ የጠየቀችውን የደመወዝ ቁጥር ይሰርዛል። ከጎኑ በአንድ አምስተኛ ያነሰ ሌላ ቁጥር ይጽፋል።

«ይኸው። ከዚህ በላይ ብትሰቅይኝም የለኝም።»

ተንታኟ ወረቀቱን ታያለች። ሥራዋ የየፕሮጀክቱን ጊዜና ወጪ ከዕቅዱ ጋር እያመሳከረች መቆጣጠር ነው። የተሰረዘው ቁጥር በሌሎች ድርጅቶች ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚከፈላቸው ደመወዝ ነው። ከፍተኛውን ትታ፣ ዝቅተኛውንም ትታ፣ መሃሉን ነው የጻፈችው።

ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የኖረችው እናቷ ጠዋት በር ላይ ይዛት ነበር። «ከፍ አድርገሽ ጥሪ። ሰውየውን መቀስ የሚሉት በከንቱ ነው?»

በከንቱ አይደለም። የቀረበለትን ግምት ሁሉ ይቆርጣል። ይህን የሚያውቁ የክፍል ኃላፊዎችም ለመቀሱ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ጨምረው ይመጣሉ። ያንን ትርፍ ፈልጋ የምታወጣው ተንታኟ ናት።

«ተቀየምሽ እንዴ?»

«አልተቀየምኩም። እኔ ያቀረብኩት ቁጥር ላይ መቀስዎን ያሳረፉበት ቀን ትዝ ይልዎታል?»

«መቀስ?»

«ብዕርዎን ማለቴ ነው።»

የሰውየው ከንፈር ጫፉ ላይ ይንቀሳቀሳል። ራሱን በአሉታ ይነቀንቃል።

«ትርፍ ስለሌለበት ነው የማይቆርጡት» ትላለች። «ይኼም የለበትም። ከቆረጡት ልብሱ ያጥራል።»

«ቢያጥር አትለብሽውም?»

«አልለብሰውም። በልኬ ሰፍተው የሚጠብቁኝ ሌሎች ድርጅቶች አሉ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ያያል፤ ከመስታወቱ ወዲያ የግንባታ ኃላፊው የአዲሱን መጋዘን ግምት ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬ ስንት ጨምሮ መጣ?»

«ሲሶ ያህል። የጣሪያው ወጪ ውስጥ ነው የደበቀው።»

መቀስ ከት ብሎ ይስቃል። ከዚያ የራሱን ቁጥር ይሰርዝና የእሷን ከሥሩ እንደገና ይጽፋል፤ ይፈርምበታል።

ኮሪደሩ ላይ ለእናቷ ትደውላለች።

«ስንት ጠራሽ?»

«ልኩን።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ስንት ቆረጠ ታዲያ?»

«ምንም።»

ከስልኩ ወዲያ የደንበኛ ድምፅ ይሰማል፦ «እትዬ፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ልኩ ነው፣ ወንድሜ» ትላለች እናቷ፤ እንዲህ ስትል ልጇ ሰምታት አታውቅም።