ስምንተኛዎቹ ገዢዎች

ዶርካስ ፔንገሊ ከመጋቢት ወዲህ ሰባት ቤት ገዢዎችን አባርራለች፤ አንድም ቀን ግን ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

የሚሸጠው ከእሷ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የሟቿ የሜብል ቤት ነው። ሜብል በሕይወት ሳለች፣ አመሻሽ ላይ የወጥ ቤቷ መብራት ቦግ ሲል ዶርካስ ሻይ ትጥድ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አሁን መስኮቱ ጨለማ ነው። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ካሉት ስድስት ቤቶች አራቱን የለንደን ሰዎች ገዝተዋቸዋል፤ በሐምሌ መጥተው ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ብርዱ ሲገባ ቆልፈው ይሄዳሉ። ዶርካስ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርዱን ብቻዋን መክረም።

ፍርሃቱ ሳሎው በምትባለው መንደሯ ያለ ሰው ሁሉ ነው። ራቅ ባለ አውራጃ ያለ ዌንሊ የሚባል መንደር እንዲህ እንዲህ እያለ ባዶውን እንደቀረ ሰምተዋል። የገና በዓል ሲደርስ ከአርባ ቤት የአንዱ ጭስ ማውጫ ብቻ ይጨሳል አሉ።

ስለዚህ ዘዴ አበጁ። ደላላው ቤቱን ሊያሳይ ሲመጣ የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ለሁሉም ስልክ ትመታለች። ገበሬው ኦስበርት ከአጥሩ ሥር ፍግ ይበትናል። የቤተ ክርስቲያኑ ደዋዮች ስድስቱንም ደወል ይለቁታል። ዶርካስ አውራ ዶሮዋን አጥሩ ላይ ታወጣለች። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ሲረል ደግሞ ከዶርካስ ቤት ኮርኒስ በላይ ወደ ሜብል ቤት ተስቦ ይሻገርና፣ ነጭ አንሶላ ተከናንቦ በጣሪያው መስኮት ብቅ ይላል።

«ከልቡ መኖር የፈለገ ሰው ይችለዋል» ትላለች ዶርካስ። እስካሁን የቻለው የለም።

ስምንተኛዎቹ ማክሰኞ ከሰዓት መጡ። ፊሊፓና ኒጄል የሚባሉ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው። መኪናቸው ጥቁር ናት፤ ፊት ታሳያለች። ኒጄል ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ አበራለሁ ብሎ በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳው።

«ገንዘብ አላቸው እንጂ መንዳት አያውቁም» አለች ዶርካስ። «ሲረል፣ ውጣ!»

«ጉልበቴን እኮ እያመመኝ ነው።»

«ሙት ጉልበቱን አያመውም፣ ውጣ ብዬሃለሁ!»

ሽታው ደረሰ። ደላላው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ፊሊፓ ግን አየሩን በረጅሙ ሳበችው።

«የላም ነው፣ ያውም ትኩስ» አለች። «ነፋሱ ግን ከምዕራብ ነው። በዚያኛው አጥር በኩል ቢሆን ይብስ ነበር።»

ኦስበርት ከአጥሩ ወዲያ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ደወሎቹ ተለቀቁ። ኒጄል ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለና ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። አውራ ዶሮው ጆሮው ሥር ጮኸበት፤ እሱንም ጻፈ። ሲረል በጣሪያው መስኮት ብቅ ብሎ ሲንጎራደድ፣ ፊሊፓ ቀና ብላ አየችውና እጇን አውለበለበችለት። ሲረል ጨዋ ሰው ነው፤ መልሶ አውለበለበ።

ዶርካስ አረረች። ወደ አጥሩ ሄደች።

«እንደምን ዋላችሁ፣ የኔ ውዶች? ቤቱ ግን እርጥበት አለው፣ አይጥም አለው። ጎረቤትየዋም ነዝናዛ ናት። እኔ ነኝ።»

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች ፊሊፓ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እንደው ልጠይቅዎትና፣ በብርዱ ወራት በዚህ መንገድ ላይ ስንት ቤት መብራት ይበራል?»

ዶርካስ ክው አለች። እነዚህ ባዶ ቤት እየለቀሙ የሚገዙ ናቸው! መዋሸት ፈለገች፤ ውሸቱ ግን ቶሎ አልመጣላትም።

«የኔ ብቻ» አለች።

ፊሊፓ ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ ኒጄል? አንድ አለ።»

ሳይከራከሩ፣ በተጠየቀው ዋጋ ገዙት።

በማግስቱ መጠጥ ቤቱ በጭንቅ ተሞላ።

«ያ ማስታወሻ የዋጋ ግምት ነው» አለ ኦስበርት። «ቀጥሎ የእኔን በረት ነው የሚገዙት።»

«ይሄ ሰውዬ ነው ጉድ የሠራን!» አለች ዶርካስ ወደ ሲረል እየጠቆመች። «መንፈስ ሰላምታ ይመልሳል?»

«ታዲያ ሴትዮዋ ሰላም ስትለኝ ዝም ልበላት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶርካስም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቤቷ ገብታ የሜብልን መስኮት ስታይ ግን የመጣው እንባ ሌላ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ውርጭ በጀመረ ሳምንት፣ ዕቃው መጣ። ዶርካስ ዶሮዋን አቅፋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ያቺ ጥቁር መኪና የለችም። ኒጄል ዝገት የበላው ፒካፕ እየነዳ ገባ፤ ሲታጠፍም ፍሬቻው በራ። የማገዶ ምድጃ ወረደ። ጭቃ የጠገበ ቦቲ ጫማ ወረደ። ቀጥሎ የወረደው ሽቦ ቤት ውስጥ አንድ ግዙፍ አውራ ዶሮ ጮኸ፤ የዶርካስም ከእቅፏ ሆኖ መለሰለት።

ፊሊፓ የልብስ ቅርጫት ይዛ ስታልፍ ነፋሱ ከላይ ያለውን ጨርቅ ነጥቆ በአጥሩ አሻገረና የዶርካስ ጽጌረዳ ላይ ጣለው። ዶርካስ ልትመልስላት እያጉረመረመች ወጣች።

አንስታ ዘረጋችው፤ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ ነጭ አንሶላ ነው፣ ሁለት የዓይን ቀዳዳ ተበጅቶለታል፣ ጠርዙም ላይ በቀይ ክር «የዌንሊ መንደር ንብረት» የሚል ተጠልፎበታል።