ጡት ያስቆመው ወረቀት

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! በአንድ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ፣ ሰባት ማይክሮስኮፕ ቢደረደር ዓይኑን የማያህልለት ባለሙያ ነበር። የሕፃናትን ደም ወረቀት ላይ ያንጠባጥባል። ወረቀቱ ከተፈጨ የባክቴሪያ ሴል በወጣ ጭማቂ ተነክሮ የደረቀ ነው፤ አንዳንድ ሕፃን ከጡት ወተት የሚያገኘውን አሚኖ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ማብላላት አቅቶት፣ አንጎል እስኪጎዳ በደሙ ውስጥ ከበዛ አረንጓዴ ያበራል።

ዛሬ ለእንግዶች ጀብዱውን ያወራል። «ወረቀቱ እንደ መብረቅ ቦግ አለ! ‹ጡት ይቁም!› ብዬ ጮህኩ። አንድ ቀን ብዘገይ ይኼ ልጅ ጅል ሆኖ ይቀር ነበር!»

እዚያው የነበረችው የልጁ እናት አጥንቱ የወጣውን ልጇን ታቅፋ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው! ወተቴ መርዝ እንደሆነበት በምን አውቄ? ይኸው አራት ወር በአጥሚት ውሃ ይዤዋለሁ፤ ጡቴም ደረቀ።»

«ከመጃጃል መክሳት ይሻላል፣ እሙዬ!» አላት ደረቱን ነፍቶ። «አስካለም እዚሁ ነበረች፤ ንገሪያቸው እንጂ!»

ረዳቱ አስካለ ወለል ወለሉን እያየች በለሆሳስ ተናገረች።

«መብራቱንስ በርቷል። ግን ያን ቀን ደም ያልነካው፣ ውሃ ብቻ ጠብ ያደረግኩበት ወረቀትም አረንጓዴ በርቶ ነበር። ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ።»