አልታጠፍም ያለች መርከብ

ሁሉም ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ መርከቧ አልታጠፍም ባለች ዕለት።

ጠባቡ የወደቡ አፍ ላይ በፍጥነት መታጠፍ ነበረባት። መሪው እስከ መጨረሻው ቢጠመዘዝም ቀጥ ብላ ሄዳ ከድንጋዩ ግንብ ጋር ተላተመች። መሪውን የያዘው ወጣት ሞተ። አጣሪ ኮሚቴው «ጥፋቱ የጭነት ድልድሉ ነው» ብሎ ጻፈ። ድልድሉን ያወጣው መሐንዲስ በሳምንቱ ተባረረ።

ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። መሐንዲሱ ስሌቱን ስንት ጊዜ እንደከለሰው ራሱም አያውቅም። አንድም ቁጥር አልተሳሳተም፤ ብረቱ ከፊት፣ ጥጡ ከኋላ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ መምህሩ «ትርፍ ቃል የለባቸውም» እያለ ሥዕሎቹን ለክፍሉ ያሳይ ነበር። የዚያች መርከብ የጭነት ሥዕልም ንጹሕ ነበር፤ እንደ ጽሑፍ ከግራ ተጀምረው የተደረደሩ አምስት ሣጥኖች፣ በየሣጥኑ የጭነቱ ዓይነትና ክብደት፣ ከታች ፊርማ።

ስለዚህ ጥፋተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጫኞቹ አለቃ። ብረቱን ከኋላ የከመረው እሱ ነው። እሱ ግን በክብር ጡረታ ወጣ። መሐንዲሱ በየዓመቱ በዚያች ቀን ደጁን ያንኳኳል፤ ሽማግሌው በመስኮት አይቶ መጋረጃውን ይዘጋል።

ዘንድሮ ከፈተ።

«ደግሞ ሳፋ ይዘህ መጣህ? ልብስ ልታጥብልኝ ነው?»

«ላሳይዎት ነው፣ አለቃ። አልገባኝም እንዳይሉ።»

የሳሎኑ ግድግዳ በመርከብ ሥዕሎች ተሞልቷል፤ ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ በሩ አዙረዋል። በመካከላቸው መሪ ይዞ የሚስቅ ወጣት ፎቶ አለ፤ የሽማግሌው ታናሽ ወንድም።

መሐንዲሱ ሳፋው ውስጥ ውኃ ሞልቶ መሪዋ የተጠመዘዘ ትንሽ የእንጨት መርከብ አንሳፈፈ። በብረቱ ፈንታ ጥቂት ብሎኖች ከፊቷ ጭኖ ገፋት፤ የሳፋውን ጠርዝ ሳትነካ ታጠፈች። ብሎኖቹን ወደ ኋላ አዛውሮ ገፋት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ጠርዙን ገጨች።

«አዩ? ኋላዋ ሲከብድ ውኃው ውስጥ ጠልቆ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፤ መሪው ቢዞርም አትሰማም። ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ይህ ይጠፋዎታል?»

«አልጠፋኝም። ቁጭ በል፣ ኢንጂነር።»

«አልቀመጥም! ለምን ገለበጡት? ዛሬ ይመልሱልኝ!»

ሽማግሌው ከመሳቢያ አንድ ያረጀ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ፊርማው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ያን ጠዋት ቢሮህ ድረስ መጥቼ፣ ይህ ነገር ልክ ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ምን አልከኝ?»

መሐንዲሱ ለማስታወስ ጥቂት ፈጀበት። «ሥዕሉን ተከተል።»

«ተከተልኩ።» የሽማግሌው ጣት በግራ ጫፍ፣ «ብረት» የሚለው ሣጥን ላይ አረፈ። «ወንድሜን መሪው ላይ አቁሜ ተከተልኩ። እዚህ ወደብ የመርከብ ፊት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ በቀኝ ነው፤ ‹ፊት› የምትል አንዲት ቃል ምን ከለከለህ? መልስልኝ!»