አስራ አምስተኛው መስመር

ነርሷ ሕፃኑን ከሚዛኑ አንስታ ለእናቱ አቀበለችና በእድገት ካርዱ ላይ አንዲት ነጥብ አኖረች። ካርዱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየጎበጡ የሚወጡ መስመሮች አሉ። ነጥቧ ያረፈችው ከታች ሁለተኛው ላይ ነው።

«አስራ አምስተኛው ፐርሰንታይል» አለች ነርሷ።

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

እናትየው መምህር ናት። ከመቶ አስራ አምስት ያመጣ ተማሪ ወላጁን ይዞ እንዲመጣ የምታደርግ መምህር። አሁን ወላጅ ሆና የተጠራችው ራሷ መሰላትና ፊቷ ቀላ።

«ፈተና አይደለም እኮ፣ እናቱ» አለች ነርሷ፣ ይህን በየቀኑ መላልሳ እንደምትል በሚያስታውቅ ድምፅ። «በእሱ ዕድሜ ያሉ መቶ ወንዶች ቢሰለፉ አስራ አምስቱ ከእሱ ይቀልላሉ ማለት ነው። ዋናው የራሱን መስመር ይዞ መሄዱ ነው።»

መምህሯ የሰማችው የሚበልጡት መኖራቸውን ብቻ ነው። ከሚበልጡት አንዷ ደግሞ አጠገቧ ነበረች።

ድንቡሼ ይሏታል። የባሏ እህት ልጅ ናት፤ ከመምህሯ ልጅ በሳምንት ትቀድማለች። የእሷ ነጥብ በሴቶቹ ካርድ ሰማንያ አምስተኛው መስመር ላይ ተደላድላለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚያው መምህሯ ያለችበት ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግታ ትሠራለች። ሰው «ምን ብታበያት ነው?» ሲላት «ኧረ ምንም፣ ጡት ብቻ» ትላለች። ይህ «ብቻ» መምህሯን ያንገበግባታል። የእሷ ጡት ገና በሁለተኛው ወር ነጥፏል። ልጇ የሚያድገው በጡጦ ነው፤ ጡጦውን ደግሞ እንደ ጠላት ይታገለዋል።

የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ልጁን የሚይዝ ሰው አስፈለገ። አክስቱ እያለች ሌላ መፈለግ አያምርም፤ ባሏም ይህንኑ አለ። ልብስ ሰፊዋ «አምጪው፣ ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ» ብላ ሳቀች።

መምህሯ ጠዋት ጠዋት ጡጦዎቹን ሞልታ ታስረክባለች። ማታ ሁሉም ባዶ፣ ታጥበው፣ ተደፍተው ይጠብቋታል።

«ሁሉንም ጠጣው?»

«ምንም አልተረፈም።»

ከእሷ እጅ ሁለት ጉንጭ ወስዶ የሚተፋ ልጅ እዚያ ሲሄድ ጨዋ ሆነ ማለት ነው? ማታ ጠግቦ ይመጣና ይተኛል። ጠዋት ደግሞ ቶሎ ሥራ እንድትሄድለት የሚፈልግ ይመስል እሪ ይላል።

«ወተቱን ማን እንደሚጨርሰው አውቃለሁ» አለችው ባሏን። «የሰው ልጅ ዝም ብሎ ድንቡሼ አይሆንም።»

«እህቴ ሌባ ናት ልትዪ ነው?»

«እንደዚያ ወጣኝ? ጡት ብቻ አይደለም ነው ያልኩት።»

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ የምታስተምረው ክፍል ባልነበረበት ሰዓት፣ ሳትናገር መጣች። በሩ ተዘግቷል፤ የስፌት መኪናውም ድምፅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ቆየት ብላ ከፈተችላት። ልጁ አልጋው ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ጡጦዎቹ ባዶ ናቸው። መምህሯ ድንቡሼን አንስታ ሳመቻት፤ እግረ መንገዷንም አፏን አሸተተች። ወተት ወተት አላላትም።

«አፏን አጥባታለች» አለች በልቧ።

ዓይኗ ሌላ ጉድለት ሲፈልግ የልብስ ሰፊዋ ቀሚስ ላይ አረፈ። «አንቺ ልጅ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ቁልፍ ትተክያለሽ፤ የራስሽ በክር ተንጠልጥሏል!»

«ምን ላድርግ፣ ልጅ እየጎተተ አስቸገረኝ፤ ብሰፋውም አይበረክት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ደረቷን ሰብሰብ አድርጋ።

ስትወጣ ደጃፉ ላይ የተጋደመችው ድመት ንቅንቅ አላለችላትም። ተራምዳት አለፈች። በዚያ ቤት ድመቷ እንኳ ወፍራለች።

የሚዛኑ ቀን እንደገና ደረሰ። ነርሷ የመምህሯን ልጅ መዘነች፤ አላመነችም፤ ደግማ መዘነች። ነጥቧ አምሳኛው መስመር ላይ አረፈች።

«ጎሽ! ምን አገኘ ይሄ ጎረምሳ?»

መምህሯ የባሏን እህት ተራ ጠበቀች። ድንቡሼ ተመዘነች። ነርሷ ነጥቧን ካኖረች በኋላ ብዕሩን ሳታነሳ ቆየች።

«ይህቺስ? መስመሯን ለቅቃ ወርዳለች፤ እሷም አምሳኛው ላይ ናት። አሟት ነበር?»

«ኧረ ምንም አላመማት፣ ሲስተር። ጥርስ ይሆናል።»

«ጡት በደንብ ታገኛለች?»

«ታገኛለች» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ መሬት እያየች።

መምህሯ ልታዝን ፈለገች፤ ደስታው ቀደማት። «ጡት ብቻ አይበቃም ማለት ነዋ!» አለች፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማት። «የኔን ያሳደገው የጣሳው ወተት ነው። ግማሽ ጣሳ አለኝ፤ ለድንቡሼ ውሰጂላት፣ እህቴ። ምን አለበት፣ ልጄ ልጅሽ ነው።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጁ አለቀሰ። መምህሯ ከቦርሳዋ ጡጦውን አወጣችና ሁሉም እንዲያይ ከፍ አድርጋ አፉ ላይ ደቀነችለት። ልጁ ፊቱን አዞረ። ደግማ ብትሞክር በእጁ ገፋውና ሁለት እጆቹን ወደ አክስቱ ዘረጋ።

«ሂድ እሺ፣ አክስትህ ትያዝህ» አለች መምህሯ። ያሸነፈ ሰው ለጋስ ነው።

«ቆይ... ቤት ስንደርስ ይሻላል» አለች ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች። መምህሯ ግን ልጁን አክስቱ እቅፍ ውስጥ አኑራዋለች።

ልጁ ማንንም ቀና ብሎ አላየም፤ የላላውን ቁልፍ በለመደ እጁ ጎትቶ አስለቀቀ፣ ጡቷን ፈልጎ ጎረሰ፣ ዝምም አለ።